መብራት ያልነበረው መኪና

የአባቴ ቮልስ ሊብሬ ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ ደብተር ነበረች። ጠርዟ ተበልቷል፣ መሃሏ በስኮች ተጠግኗል። ልጅ ሆኜ የሚነበብ ነገር ሲጠፋ እሷን አነብ ነበር። መጀመሪያ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የአንድ ፈረንጅ ስም አለ። ቀጥሎ የማናውቃቸው አንዲት ሴትዮ። ሦስተኛው አባቴ ነው። ከዚያ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቀለም። ቀለም የሚለው ቦታ ላይ «ነጭ» ተብሎ ተጽፏል። መኪናችን ግን ሰማያዊ ነበረች። ከፈረንጁና ከሴትዮዋ አንዳቸው አስቀብተዋታል ማለት ነው። እኔ ሴትዮዋ ናቸው ብዬ ወስኜ ነበር። ምክንያት የለኝም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ባትላሜራ ቤት ይዞኝ ሄደ። ጋሪ ገጭቶን የፊት ግራ ፓራፋንጎ ተጨረማምቶ ነበር። ባትላሜራው የድሮውን አውልቆ ከሌላ ቮልስ የወጣ ቀይ ፓራፋንጎ ሊገጥም አዘጋጅቷል። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ይቆጥራል። ሞተሩ አንዴ ተቀይሯል። የቀኝ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ኮፈኑም እንደዚያው።

«እንግዲህ ይሄም ከተቀየረ የኔ የምለው ምኗ ቀረ?» አለ እየሳቀ።

ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። ውስጥ ገብቶ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ አነሳ። ባትሪው አለ። ከባትሪው ጎን፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ አቧራና ዘይት እንደ ሊጥ ተጋግሯል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አምጥቶ ጠረገው። አሁንም ጠረገው። ብረቱ ላይ የተመቱ ቁጥሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«ሊብሬውን አምጣና አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩ። እሱ በጣቱ እየተከተለ አመሳከረ። አንዱም አልተዛነፈም።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ይቺ ናት» አለው አባቴን፣ ቁጥሮቹን መታ መታ እያደረገ። «ሌላው ልብስ ነው።»

ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። የመለሰልኝ አንድ በጣም ትልቅ፣ በጣም አረንጓዴ፣ ደግሞም አንድም የፊት መብራት የሌለው መኪና ነው።

ስዊዘርላንድ፣ ባዝል የምትኖር የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ አንድ ቀን ትርፍ አገኘሁ። ባቡር ይዤ ድንበሩን ተሻገርኩና ሙሉዝ ወረድኩ። ሙሉዝ በፈረንሳይ አልዛስ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። እዚያ አንድ የድሮ የሱፍ ክር ፋብሪካ አለ፤ ዛሬ የመኪና ሙዚየም ነው። ውስጡ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው መኪናው አይደለም። ፋኖሱ ነው። ፓሪስ ውስጥ የአሌክሳንደር ሦስተኛው ድልድይ ላይ ያሉትን የመንገድ ፋኖሶች አስመስለው በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሰሶዎች አቁመዋል። አዳራሹ በሙሉ አመሻሽ ላይ ያለ ጎዳና ይመስላል።

ከዚያ ሁሉ ፋኖስ መካከል ቡጋቲ ሮያል ኤስደርስ ሮድስተር የሚባል ክፍት መኪና ቆሟል። መብራት የለውም።

ከፊት ለፊቱ ቆሜ ምን እንደጎደለ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ራዲያተር አለ። ራዲያተሩ ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ትንሽ ዝሆን አለ። ግራና ቀኝ ፓራፋንጎዎቹ ከፊት ጎማ ላይ ተነስተው፣ ወደ መርገጫው ወርደው፣ እንደገና የኋላውን ጎማ ለመሸፈን ይነሳሉ። አንድ ረጅም ማዕበል ነው። በራዲያተሩና በፓራፋንጎው መካከል ግን፣ የዚያን ዘመን መኪኖች ሁለት ሳህን የሚያህል ፋኖስ የሚሸከሙበት ቦታ ላይ፣ ምንም የለም። ባዶ ነው። ቅንድቡን የተላጨ ሰው ፊት ይመስላል። መጀመሪያ ያስደነግጣል። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ መነጽር ያደረጉ መስለው መታየት ይጀምራሉ።

ስለ ሮያል ትንሽ ልበል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኤቶሬ ቡጋቲ ትውልዱ ጣሊያናዊ ነው፤ ፋብሪካውን ያቆመው ግን እዚያው አልዛስ፣ ሞልስሃይም ውስጥ ነው። ታይፕ 41 ወይም ሮያል የተባለውን መኪና ለነገሥታት ብሎ ነው የሠራው። ሃያ አምስት ሊሠራ አቅዶ ነበር። ሥራው በ1920ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ። ገበያ ላይ ሊወጣ ሲል የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ ይገዛሉ ሲባል በ1931 ዙፋኑ ራሱ ከእጃቸው ወጣ። በመጨረሻ የተሸጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ከገዢዎቹ አንድም ንጉሥ የለም። አንዱ የልብስ ነጋዴ፣ አንዱ ጀርመናዊ ሐኪም፣ አንዱ እንግሊዛዊ ሀብታም።

ግዝፈቱን በቁጥር ከመናገር ከአባቴ ቮልስ ጋር ባስተያየው ይሻለኛል። የሮያል ሞተር 12.7 ሊትር ነው፣ ስምንት ሲሊንደር። አንዱ ሲሊንደር ብቻ 1.6 ሊትር ገደማ ይሆናል። የቮልሳችን ሙሉ ሞተር 1.3 ሊትር ነበር። ከፊት ጎማው መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል 4.3 ሜትር ነው። ቮልሳችን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ወደ 4 ሜትር ገደማ ናት። ከነመከላከያዋ ከዚያ ርቀት ታጥራለች ማለት ነው። ክብደቱ ከ3 ቶን ያልፋል።

ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር ላይ የልብስ ነጋዴው ኤስደርስ ያስገጠመው ሁለት ወንበር ነው። ከኋላ ክዳን ሲከፈት ብቅ የምትል ተጨማሪ መቀመጫ አለች፤ ዋናው ግን ለሁለት ሰው ነው። ይህን ድፍረት እወደዋለሁ። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ባለ ሁለት ወንበር መኪና እንደማስገጠም ነው።

አይሱዙን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የዚያን ዘመን የቅንጦት መኪና አሠራር ለፈረንጅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው ሻንሲ ነው። ሞተር፣ ጎማ፣ መሪ፣ ራዲያተር። ገዢው ያንን ይዞ ወደ ቦዲ ሠሪ ይሄዳል። ቦዲ ሠሪው ከሰውዬው ጋር ቁጭ ብሎ ይመክራል። ስንት ወንበር? ጣሪያ ይኑረው ወይስ ይከፈት? ሾፌሩ ውስጥ ይቀመጥ ወይስ ውጭ? ከዚያ የእንጨት አጽም ያቆማል፣ ቆርቆሮውን በመዶሻ እየደበደበ ያለብሰዋል። እኛ ሀገር የጭነት መኪና ሻንሲና ካቢኑ መጥቶ የኋላው ቦዲ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ሲበየድለት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። እና ትንሽ ደግሞ ስቱኮው ላይ።

አርማንድ ኤስደርስ ሀብቱን ያገኘው ከልብስ ነው። በልክ ከሚሰፋ ልብስ ግን አይደለም፤ ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ ከሚጠብቅ ልብስ። ለሺህ ሰው አንድ ልክ የሚሸጥ ሰው ለመኪናው ሲሆን በልኩ አሰፋለት። ሰፊው ደግሞ የኤቶሬ ልጅ ዣን ቡጋቲ ነው። ዣን በ1909 የተወለደ ነው። መኪናው በ1932 ሚያዝያ ወር ለኤስደርስ ሲሸጥ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያንን ማዕበል የመሰለ ፓራፋንጎ የሳለው በዚያ ዕድሜው ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1939 ነሐሴ፣ ሞልስሃይም አጠገብ የውድድር መኪና እየሞከረ ብስክሌት ነጂ ለማዳን ሲጠመዝዝ ሞተ። 30 ዓመቱ ነበር።

መብራቱን በተመለከተ የሚነገረው አጭር ነው። ኤስደርስ በማታ መንዳት አልፈልግም አለ። ስለዚህ አያስፈልግም።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ አባቴ ነው። ቮልሷን የገዛት በደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ነበር። የቀኝ መብራቷ ለረጅም ጊዜ አይሠራም ነበር፤ አባቴም አላስጠገነውም። «በማታ ማን ሊነዳት» ይል ነበር። ያው የኤስደርስ ቃል ነው። አንዱ ከሀብት፣ አንዱ ከፍርሃት።

አሁን ወደ ሊብሬው ልምጣ። የዚህ መኪና ሻንሲ ቁጥር 41111 ነው። አንድ ቁጥር እየተደጋገመ ስለሆነ አይረሳም። ሊብሬ ቢኖረው ኖሮ ገጾቹ እንዲህ ይነበቡ ነበር።

ከኤስደርስ በኋላ ሬይሞን ፓትኖትር ገዛው። ፖለቲከኛም የጋዜጣ ባለቤትም ነው። ፓትኖትር ለክፍት መኪና የሚሆን ሰው አልነበረም። ሾፌር አለው። ሚኒስትር ከነአጀቡ ደምቆ መሄድ አለበት። ስለዚህ መኪናውን ፓሪስ ወዳለው ቦዲ ሠሪ ሄንሪ ቢንደር ወሰደው። ቢንደር የዣንን ማዕበል አወለቀ። በምትኩ ኩፔ ደ ቪል የሚባለውን ገጠመለት፦ ሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ጌታው ከኋላ በመስታወት በተዘጋ ክፍል ውስጥ። መብራትም ተገጠመለት። ትላልቅ መብራቶች። የሮድስተሩ ቦዲ በዚያው ጠፋ።

ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ተናድጄ ነበር። አንድ ሰው ሥዕል ገዝቶ በላዩ ላይ ሌላ ሥዕል ያስሳለበት መሰለኝ። እየቆየሁ ስሄድ ንዴቴ በረደ። በዚያ ዘመን ቦዲ ሥዕል አልነበረም። ካፖርት ነበር። ሰው ካፖርት ሲገዛ የቀድሞውን ባለቤት ልኬት ይዞ አይኖርም። ኤቶሬ ራሱ የመጀመሪያውን ሮያል ሻንሲ ደጋግሞ ነው ያለበሰው። መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ፓካርድ ቦዲ ለብሶ ነበር፣ የተሠራውም ለሙከራ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱን ኤቶሬ ከፓሪስ ወደ አልዛስ ሲነዳ መሪ ላይ አንቀላፍቶ ገጨው። ዛሬ ኩፔ ናፖሊዮን የሚባለው የመጨረሻው ልብሱ ነው። ፓትኖትርን በወንጀል የምንከሰው እኛ ነን፣ ዋጋውን ካወቅን በኋላ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የ41111ን የጦርነት ጊዜ ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ለሮማንያ ንጉሥ ሊሄድ የነበረ መኪና ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። ሁለተኛው፣ ከናዚዎች ለማሸሽ ፓሪስ ከተማ ሥር ባለው የፍሳሽ ዋሻ ውስጥ ተደበቀ። 6 ሜትር ከምናምን የሆነ መኪና በየት በኩል ወደ ፍሳሽ ዋሻ እንደሚወርድ ብዙ አስቤያለሁ። አልገባኝም። ግን ተረቱን እንዳያስጥሉኝ።

የቡጋቲ ቤተሰብ ሳይሸጡ የቀሩትን ሦስቱን ኤርመኖንቪል ያለው ቤታቸው ውስጥ ግድግዳ ሠርተው ነው የደበቋቸው። ይኼኛው ያሳምነኛል። ጡብና ሲሚንቶ። ከጦርነቱ በኋላ ኤቶሬም ሞተ፣ ቤተሰቡም ገንዘብ አጠረው። በ1950 ብሪግስ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ሀብታምና የመኪና ተወዳዳሪ መጣና ከኤቶሬ ልጅ ከሌቤ ቡጋቲ ሁለቱን ገዛ። ለያንዳንዱ 200 ሺህ የዚያን ጊዜ ፍራንክ። ያ በዶላር ስድስት መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በምርቃት ደግሞ ሁለት አዳዲስ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ፍሪጆች። ከጦርነት በወጣች ፈረንሳይ ፍሪጅ ከወርቅ አያንስም ነበር። ከሁለቱ አንዱ፣ ኬልነር የሚባለው፣ በ1987 ለንደን ላይ በጨረታ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። ፍሪጆቹ የት እንደደረሱ የመዘገበ የለም። እኔ ብሆን ፍሪጆቹን ነበር የምፈልገው።

የጀርመናዊው ሐኪም መኪና ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ተሰደደ። ሐኪሙ በ1930ዎቹ ሀገሩን ለቆ ዞሮ ዞሮ ኒው ዮርክ ገባ፣ መኪናውም አብሮት። እዚያ ክረምቱ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ውሃ አቀዘቀዘና የሞተሩን ብሎክ ሰነጠቀው። መኪናው የቁራሌ ግቢ ገባ። ቻርልስ ቼይን የተባለ የቡይክ መሐንዲስ ነው ከዚያ አውጥቶ በጥቂት መቶ ዶላር የገዛው። ሞተሩን ጠገነ፣ ጥቁሩን መኪና ነጭ ቀባው፣ ኋላም ለሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ሰጠው። ቀለም ቀያሪ በየሀገሩ አለ።

የኛው 41111 ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንግሊዝ ቆየ። በ1954 ፍሎሪዳ የሚኖር ሰው ገዛው። ያ ሰው በ1961 ሲሞት ሚልስ ሌን ለተባለ የአትላንታ ባንከር ተላለፈ። በ1964 ቢል ሃራ ወሰደው።

ሃራ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኔቫዳ፣ ሬኖ ውስጥ የቁማር ቤት ባለቤት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ መኪኖች ሰብስቦ ነበር። ለዚህኛው 45 ሺህ ዶላር ከፈለ። በዚያን ጊዜ ለአንድ አሮጌ መኪና 45 ሺህ ዶላር ያስወራ ነበር። ሌላም ሮያል ስለነበረው በአንድ ወቅት በዓለም ካሉት ስድስት ሮያሎች ሁለቱ የሱ ነበሩ። በ1978 ሞተ። ድርጅቱን የሆቴል ኩባንያ ገዛ፤ መኪኖቹም አብረው የሆቴል ኩባንያ ንብረት ሆኑ። ሆቴል ለመኪና ምን ያደርጋል? መሸጥ ጀመረ።

በ1985 ካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች ላይ ስድስቱም ሮያሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር ላይ አንድ ላይ ቆሙ። ፎቶውን አይቻለሁ። ዝሆን ዝሆኑን ተከትሎ። በሚቀጥለው ዓመት 41111ን ዊልያም ላየን ገዛው፤ ቤት ሠሪ ነው፣ በአየር ኃይሉም ጄኔራል። በ1996 ለሽያጭ አቅርቦት 11 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡት እምቢ አለ። 15 ነበር የፈለገው። በ1999 ተሸጠ። የተወራው ዋጋ 20 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ገዢው ማን ነው? ቮልስዋገን።

እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ቮልስዋገን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የቡጋቲን ስም ገዝቶ ነበር፤ ታዋቂ መኪናውንም ጨመረበት። ናዚዎች «የሕዝብ መኪና» ብለው በ1937 ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ መኪናው ዋሻ ውስጥ ገባ የተባለው ደግሞ ከነሱ ሽሽት። ለነገሥታት የታሰበው መኪና መጨረሻው የአባቴን መኪና የሠራው ቤት ውስጥ ሆነ። ሊብሬው ላይ ከኤስደርስና ከፓትኖትር ሥር ቮልስዋገን ተብሎ ተጻፈ ማለት ነው።

ታዲያ ሙሉዝ ላይ ያየሁት አረንጓዴ መኪና ምንድን ነው?

ቅጂ ነው። ይህንንም ጽሑፉ ላይ አልደበቁም። ታሪኩ የሽሉምፕፍ ወንድማማቾች ነው፤ ሀንስና ፍሪትዝ። የሱፍ ክር ባለ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፍሪትዝ የቡጋቲ ነገር ካገኘ አይምርም። መኪና ይገዛል፤ የመኪና ክፍል ይገዛል፤ የሞልስሃይም ፋብሪካ በ1963 እጁን ሲሰጥ ከዚያም ተረፈ የተባለውን ሰበሰበ። ሁሉንም በዚያ ክር ፋብሪካ ውስጥ በድብቅ ያስጠግን ነበር። ሠራተኞቹ ደመወዛችን ይጨመር ሲሉ ገንዘብ የለም ይባላሉ። በ1976 ፋብሪካው ተንኮታኮተ። ወንድማማቾቹ ወደ ባዝል ሸሹ፤ እኔ የመጣሁበትን መንገድ በተቃራኒው። በ1977 መጋቢት ሠራተኞቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ከ400 በላይ መኪና አገኙ። ከነፋኖሶቹ። ያ ቀን ምን እንደተሰማቸው ማሰብ አያቅትም። የደመወዛቸው ጭማሪ አንድ በአንድ ተወልውሎ ተደርድሯል። ሠራተኞቹ ግቢውን ለሁለት ዓመት ያህል ያዙት፣ ሕዝቡንም በነጻ አስገቡ። በ1982 ሙዚየም ሆኖ በይፋ ተከፈተ።

ሽሉምፕፍ የኤስደርስን ሮድስተር መልሶ የማቆም ሕልም ነበረው። ኦሪጅናል የሮያል መለዋወጫዎች ሰብስቦ ነበር። የሮያል ሞተር ደግሞ እንደ መኪናው ብርቅ አይደለም። ቡጋቲ መኪናው አልሸጥ ሲለው ሞተሮቹን ባቡር ላይ ገጠማቸው፤ የፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ ገዛው፤ ሁለት ወይም አራት ሞተር ባንድ ፉርጎ። ኪሳራውን ያካካሰለት ያ ባቡር ነው። ሮድስተሩን ሙዚየሙ በ1990 ገደማ ጨረሰው፤ ቦዲውን ከፎቶዎች ተነስተው ነው የሠሩት። የልብስ ነጋዴው መኪና በክር ነጋዴው ፋብሪካ ውስጥ እንደገና ተሰፋ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም።

እንግዲህ ሁለት መኪና አለ። አንዱ 41111 የሚል ቁጥር ያለው፣ ኤስደርስ የተቀመጠበት ሻንሲ፣ የቢንደርን ካፖርት ለብሶ በቮልስዋገን እጅ ከኤግዚቢሽን ኤግዚቢሽን የሚዞረው። ሌላው ኤስደርስ ነክቶት የማያውቅ፣ ግን ዣን በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሳለውን መስመር የለበሰው። የአዲስ አበባው ባትላሜራ ቢጠየቅ መልሱ ቁርጥ ነው። ወንበሩን ያነሳል፣ ቁጥሩን ይጠርጋል፣ ሌላው ልብስ ነው ይላል። መንገድ ትራንስፖርትም፣ ኢንሹራንስም፣ ጨረታ አቅራቢውም ከሱ ጋር ናቸው።

እኔ ግን 20 ሚሊዮኑን መኪና በፎቶ ነው የማውቀው፣ ምንም አይለኝም። ግርማ አለው። ቀብር ላይ ቢመጣ ሰው ይነሳለታል። ቅጂው ፊት ግን አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ወደ ጎን ዞሬ ጎንበስ ብዬ የፓራፋንጎውን መስመር ከፊት ወደ ኋላ በዓይኔ ተከተልኩት። መሃል ላይ አንድም ቦታ አይሰበርም። መብራት ቢኖረው ኖሮ ዓይን እዚያ ላይ ይደናቀፍ ነበር። አንድ ሰው ማታ አልነዳም ስላለ ብቻ የተገኘ መስመር ነው። ባለቤቱ ሲቀየር መስመሩም ሄደ። ፓትኖትር ማታ እራት የሚጋበዝ ሰው ነበረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የ41111ን ባለቤቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዘርዘር ይቻላል። ዘጠና ዓመት፣ ሦስት አራት ሀገር፣ አንድ ጦርነት። ዋጋ ስላለው ሁሉም መዘገበው። የኛ ቮልስ ግን ስትሸጥ ስም ማዞሩ ላይ አሮጌዋ ሊብሬ ተሰበሰበችና አዲስ ተሰጠ። ንጹህ ወረቀት፣ ያለው የአዲሱ ባለቤት ስም ብቻ። ቀለሟም በመጨረሻ ሰማያዊ ተብሎ ተስተካከለ። ፈረንጁም ሴትዮዋም በዚያው ጠፉ። ስማቸውን በቃሌ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። የሴትዮዋን አባት ስም ረስቼዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ማድረግ ለምን እንዳላሰብን አላውቅም። ማን ነው የቮልስ ታሪክ ይፈለጋል ብሎ የሚያስብ?

ከሙዚየሙ ልወጣ ስል ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩለት። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ስልኩን አፍንጫው ላይ ነው የሚያስጠጋው። መኪናውን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ አሳየሁት። ዝሆኑን ወደደው። ርዝመቱን ስነግረው «ውሸታም» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ።

«ወደ ፊቱ መልሰው እስቲ።»

መለስኩት።

«መብራቱስ?»

«የለውም፣ አባዬ።»

«ተሰርቆ ነው?»

አይደለም አልኩት። ባለቤቱ ማታ ስለማይነዳ ከመጀመሪያውም አላስገጠመም አልኩት። ትንሽ አሰበ።

«ታዲያ ቦሎ እንዴት ያልፋል?» አለ።